ከሁለት ጀልባ አንዱን ስለ መምረጥ



በዚህ ወር የምንነጋገርበት ነገር ከሽንዲ ከተማ የመጣ ጥያቄ ነው። አንድ አባወራ ከእናታቸው፥ ከባለቤታቸው፥ ከልጆቻቸውና ከእኅታቸው ልጆች ጋር፥ በጠቅላላው ዐሥራ አንድ ነፍስ ሆነው፥ የመንገዱ ሰላም ሲፈቅድ በቡሬና በእንጅባራ፥ በዳንግላና በመራዊ አድርገው ባሕር ዳር ለመሄድ ዐስበዋል። ከዚያም በጣና ላይ ተሳፍረው ገዳማቱን ሊሳለሙና ልጆቹን ሐይቅ ሊያሳዩ ይፈልጋሉ። ቀድሞ የሄደ ዘመዳቸው ሁለት ጀልባዎች አይቶላቸዋል። ሁለቱም ጠፍጣፋ ወለልና የሸራ ጣራ ያላቸው፥ ከሥራቸው በሁለት ረዣዥም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፉ፥ ፈረንጆች ፖንቱን የሚሏቸው ናቸው። ርዝመታቸው አንድ ነው፤ የወንበራቸው ብዛት አንድ ነው፤ ሞተራቸውም አንድ ዐይነት ነው። ነገር ግን አንደኛይቱ አዲስ ቀለም የተቀባች፥ ወንበሯም ለስላሳ ልብስ የለበሰ ሲሆን፥ ኪራይዋ ደግሞ ረከስ ያለ ነው። «እንግዲህ የትኛይቱን ልያዝ?» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የገንዘብና የምቾት ጥያቄ ይመስላል። በእውነቱ ግን ዐሥራ አንድ ነፍስ በምን ላይ ትቀመጥ የሚል ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ለእኒህ አባወራ ብቻ ሳይሆን በጥምቀት ማግስትም ሆነ በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዞ ወደ ውሃ ለሚወርድ ሁሉ ይጠቅማል ብለን በሰፊው ልንመልሰው ወደድን።

አባቶቻችን «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል» ሲሉ የውሃን ጠባይ ያውቁ ነበር። ጣና በማለዳ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ሲታይ ማንም ሰው ይደፍረዋል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ በነካው ጊዜ ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ፥ እርስ በርሱ የተቀራረበ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያለ ዕረፍት ይመታታል። ሰውን ለማስጠም ደግሞ ዐሥራ አምስቱ ሜትር አያስፈልግም፤ ከቁመቱ ጥቂት ማለፉ ይበቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጀልባዎች እንመለስ። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ በመጀመሪያ ጀልባ በምን ኀይል እንደሚንሳፈፍ ማወቅ ይገባል። ይህም ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቀድሞ የዐባይን ውሃ የሚሻገሩ ሰዎች የፍየል ስልቻ ነፍተው አፉን ጠፍረው በማሰር በእርሱ ላይ ተደግፈው ይሻገሩ ነበር። በወንዝ ዳር ያደጉ ልጆችም ዋና ሲማሩ ደረቅ ቅል በደረታቸው ያስራሉ። የጣና ታንኳም ቢሆን የሚንሳፈፈው የተሠራበት ደንገል በውስጡ አየር የያዘ ለስላሳ ልብ ስላለው ነው፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ስለሚከብድም ባለቤቶቹ ከሐይቁ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል። ስልቻውም፥ ቅሉም፥ ደንገሉም፥ የአሉሚኒየሙ ቱቦም ምሥጢራቸው አንድ ነው፤ የተዘጋ አየር ውሃን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ ውሃውም የተገፋውን ያህል ክብደት ይሸከማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ መቶ ሊትር የሚይዝ የተዘጋ ዕቃ የራሱን ክብደት ጨምሮ መቶ ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚያ ካለፈ ይሰጥማል።

እንግዲህ በቤታችሁ ያሉ ተማሪዎች እርሳስ ያንሡና አብረውን ያስሉ። የአንደኛዋ ጀልባ ቱቦ ርዝመቱ 6 ሜትር፥ የወፍራምነቱም ስፋት ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የግማሹ ስፋት 0.30 ሜትር በራሱ ተባዝቶ፥ በ3.14 ተባዝቶ፥ ደግሞም በርዝመቱ በ6 ሲባዛ 1,700 ሊትር ያህል ይሆናል። ሁለቱ ቱቦዎች በአንድነት 3,400 ሊትር ናቸው። ነገር ግን ቱቦው እስከ አናቱ እስኪሰጥም ድረስ መጫን የለበትም፤ ሞገድ የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ ግማሹ ከውሃ በላይ ይቅር ብንል የቀረው 1,700 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ወለሉ፥ ጣራው፥ ወንበሩ፥ ሞተሩና ነዳጁ 800 ኪሎ ቢወስዱ ለሰውና ለስንቅ 900 ኪሎ ይተርፋል። አንዱን ሰው 70 ኪሎ ብንቈጥረው ዐሥራ ሁለት ሰው ማለት ነው።

የሁለተኛይቱ ጀልባ ቱቦ ደግሞ ርዝመቱና ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ሆኖ፥ ስፋቱ ብቻ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በዚያው ስሌት አንዱ ቱቦ 1,180 ሊትር ያህል፥ ሁለቱ 2,360 ሊትር ይሆናሉ፤ ግማሹ 1,180 ነው። የጀልባዋ ክብደት 800 ኪሎ ሲቀነስ የሚተርፈው 380 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይኸውም አምስት ሰው ነው። አያችሁን! በዐይን ሲያዩት የግማሽ ስንዝር ያህል ልዩነት ነው፤ ያውም ከወለሉ ሥር ተሸፍኖ የሚገኝ። አንደኛይቱ ግን ዐሥራ ሁለት ሰው ስትይዝ ሁለተኛይቱ አምስት ብቻ ትይዛለች። የወንበሩ ብዛት እኩል መሆኑ ይህን ልዩነት አይናገርም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል። ባዶ ወንበር ያየ ሰው ሁሉ ወንበሩ የተሠራው በሚችለው ክብደት መጠን ነው ብሎ ያምናልና።

ይህ የትምህርት ቤት ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ በዓለም ላይ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ወደብ ሌዲ ዲ የተባለች ባለ ሁለት ቱቦ ጀልባ ሰዎችን ከዳርቻ ወደ ዳርቻ ታመላልስ ነበር። በየካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሰዎች ተሳፍረውባት ሳለ ድንገተኛ ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ ገለበጣት፤ በአቅራቢያው የነበሩ የባሕር ኀይል ሰዎች ፈጥነው ደርሰው ብዙዎቹን ቢያወጡም አምስት ሰዎች ሞቱ። የአገሩ የመጓጓዣ ደኅንነት መርማሪ ቦርድ ነገሩን ሲመረምር ጀልባዋ ሃያ አምስት ሰው እንድትጭን የተፈቀደላት እርስዋ ራስዋ ተፈትና እንዳልሆነ ተገኘ። ሌላ መሰሏ ጀልባ ተፈትና ስለ ነበር «እኅትማማቾች ናቸው» ተብሎ የዚያችኛዋ ፈቃድ ለእርስዋም ተሰጥቷት ነበር። ሁለቱ ግን በአሠራር ይለያዩ ነበር፤ ሌዲ ዲም ልትጭን ይገባት የነበረው ከተፈቀደላት እጅግ ያነሰ ነበር። ከዚህም በላይ አንድ ሰው በአማካይ 64 ኪሎ ያህል ይመዝናል ተብሎ የተያዘው አሮጌ ግምት በዕለቱ ከተሳፈሩት ሰዎች ክብደት ያነሰ ነበር። እንግዲህ መሣሪያና ባለሙያ በሞላበት አገር መመሳሰል ሰውን ካሳተ፥ በዳርቻ ቆመን በዐይናችን ብቻ የምንፈርድ እኛማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት በቀለሙ፥ በወንበሩ ልብስና በኪራዩ ነው። ይህ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው። ስለዚህ ወደ ዳርቻው የሚወርድ አባወራ ከመሳፈሩ አስቀድሞ የሚከተሉትን ነገሮች ይመልከት።

በመጀመሪያ ጀልባዋን ባዶዋን ሳለች ከኋላ ቆሞ ይያት። ሁለቱ ቱቦዎች ከውሃው በላይ የሚታዩት በእኩል መጠን ነውን? አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ከተገኘ በቱቦው ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ውሃ የገባበት ቱቦ አፉ እንደ ላላ ስልቻ ነው። በጣቱም ቱቦውን ኳ ኳ ያድርግ፤ ባዶው ሲጮኽ ውሃ ያለበት ይደፈናል።

ሁለተኛ፥ ቱቦው በውስጡ የተከፋፈለ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ብልህ ገበሬ እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም፤ ነቀዝ አንዱን ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል። ጥሩ ቱቦም እንዲሁ በውስጡ ግድግዳ አለው፤ አንዱ ክፍል በድንጋይ ቢበሳ ሌሎቹ ክፍሎች ጀልባዋን ይዘው ወደ ዳርቻ ያደርሷታል።

ሦስተኛ፥ የዙሪያውን አጥር ይመልከት። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ እንዳይሆንበት መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የጀልባ ወለልም ለሕፃናት ሰገነት ነው። አጥሩ ከልጅ ወገብ በላይ የቆመ፥ ከሥሩም ልጅ የሚሾልክበት ክፍተት የሌለው ይሁን።

አራተኛ፥ የሕይወት አድን ጃኬቶቹን እያወጣ ይቍጠራቸው፤ «አሉ» የሚለውን ቃል አይቀበል። ሕፃን በክብደት ግማሽ ሰው ቢሆን በጃኬት ግን ሙሉ ሰው ነው። የትልቅ ሰው ጃኬት ለሕፃን ቢያለብሱት ውሃው ጃኬቱን ወደ ላይ ሲያነሣው ልጁ ከሥር ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ በልክ የተሠራና በእግር መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ያስፈልጋል። እናቶችና እኅቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው ጃኬቱን ከላይ ይልበሱት እንጂ ጃኬቱን ለብሰው ነጠላውን ከላይ አይጣሉት፤ ውሃ የጠጣ ነጠላ ይጠመጠማል፥ ጫፉም ወደ ሞተሩ መቅዘፊያ ሊሳብ ይችላል። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌም እስከሚወርድ ድረስ ቢያወልቀው መልካም ነው።

አምስተኛ፥ ሞተሩን ይመልከት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ስለ ሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከኀይሉ ከአምስት አንድ እጅ ያልራቀ ያጣል። ማለዳ ሳይነፍስ በቀላሉ የሄደ ደካማ ሞተር ከቀትር በኋላ ነፋስን ፊት ለፊት ሲያገኝ ሊያቅተው ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ስለ ታየ መቅዘፊያው በአረም ሲያዝ የሚረዳ የእጅ መቅዘፊያ መኖሩን ይጠይቅ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የነጂው ጠባይ ነው። እርሱን ለመፈተን አንዲት ቀላል ጥያቄ ትበቃለች። ቍጥራችሁን ሳትነግሩት አስቀድማችሁ «ወንድሜ፥ ይህች ጀልባ ስንት ሰው ትይዛለች?» በሉት። ጀልባውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ቍጥሩን ይነግራችኋል። «እናንተ ስንት ናችሁ አባቴ?» ብሎ የመለሰላችሁ ግን ጀልባዋን በኪሳችሁ ልክ የሚያሰፋና የሚያጠብ ነው። እንደዚሁም «ከቀትር በኋላ ቢነፍስብን ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እንመለሳለን» ወይም «እዚያው እንቆያለን» የሚል ሰው የታመነ ነው፤ «ምንም አይል» የሚል ግን ሐይቁን ገና አልፈራውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ወቅቱ ለመርከብ ጕዞ አስጊ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን ባለቤትና ነጂውን አመነ። የመርከቡ ባለቤት ጭነቱን ያስባል፤ ጳውሎስ ግን ነፍሳትን ያስብ ነበር። መርከቡ ተሰበረ፤ ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱ ነፍስ በእግዚአብሔር ቸርነት ከዳርቻ ቢደርሱም የደረሱት እየዋኙና በስብርባሪ ሳንቃ ላይ ሆነው ነው። በቤተ ሰብ ጕዞ የጳውሎስን ቦታ የሚይዝ ሰው ማን ነው? አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። ሌላው ሁሉ ተደስቶ «እንሂድ» ሲል «አይሆንም» ለማለት የተሾመ እርሱ ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ነገር አለ። «ለኪዳነ ምሕረት የሚሄድን ሰው እመቤታችን ትጠብቀዋለች፤ ጃኬትና ቍጥር የእምነት ጕድለት ነው» የሚሉ አሉ። እመቤታችን እንደምትጠብቅ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ጌታ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ጻድቁ ኖኅም ቢሆን «እጠብቅሃለሁ» ተብሎ ብቻ አልተተወም፤ መርከቡ ርዝመቱ 300 ክንድ፥ ወርዱ 50፥ ቁመቱ 30 እንዲሆን፥ በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀለቅ ታዘዘ። ያዳነው አምላክ ነው፤ ልክና ቅጥራንን የሰጠውም ያው አምላክ ነው። ስለዚህ ጃኬት የሚያለብስ እጅና የሚያማትብ እጅ የአንድ ሰው እጅ ቢሆን ነውር የለበትም።

ስለ ጕዞው ቦታና ሰዓትም ጥቂት እንጨምር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለ ሆኑ ከእናትና ከሴቶች ልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተ ሰብ አይስማሙም፤ አያትና ልጅ በጀልባ ላይ ተቀምጠው ሌላው እስኪመለስ መጠበቅ የቤተ ሰብ ጕዞ አይደለም። በክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስና በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉን ይቀበላሉ። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ስለ ሆነ ከባሕር ዳር በመኪናም ይደረሳል። ውሃ የሚያስፈራቸው አያት ካሉ በመኪና ሄደው ከሌላው ቤተ ሰብ ጋር በቡናው ጫካ ውስጥ ቢገናኙ ምንም አይጐድልባቸውም።

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር ምእመናን ስለሚበዙ በየጀልባው መጨናነቅ ይበዛል፤ ሕፃናት ያሉት ሰው ከበዓሉ ቀን አስቀድሞ ወይም በሌላ ጊዜ ቢሄድ ይሻላል። ጕዞው ጠዋት በአንድ ሰዓት ተጀምሮ መመለሻው ከሰባት ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና። ዐባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ ባለ ጊዜ ልጆች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሮጣሉ፤ ባለ ሁለት ቱቦ ጀልባ ደግሞ ክብደት ሁሉ በአንድ ቱቦ ላይ ሲወድቅ ያ ቱቦ ወደ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ሳይሳፈሩ በፊት የየአንዳንዱ ቦታ ይነገር፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በግራና በቀኝ ይቀመጡ፤ ጉማሬውንም እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ይመልከት።

እንግዲህ ለሽንዲው አባወራ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባችውን በቀለሟ አይያዟት፤ አሮጌይቱንም በእርጅናዋ አይናቋት። የሁለቱንም ቱቦ በስንዝር ለኩ። ዐሥራ አንዳችሁና ነጂው ዐሥራ ሁለት ናችሁ፤ ይህ በስሌታችን ወፍራሙ ቱቦ የሚችለው የመጨረሻው ቍጥር ነው። ልጆች ቀለል ስለሚሉ ለስንቁ ጥቂት ይተርፋል፤ በዳርቻው ያገኛችሁት ሌላ ዘመድ «እኔንም ጨምሩኝ» ቢል ግን ቦታ የለም። ሁላችሁም ተሳፍራችሁ ሳለ ከዳርቻው ያለ ሰው ወደ ቱቦዎቹ ይመልከትላችሁ፤ የሁለቱም የላይኛው ግማሽ ከውሃ በላይ ካልታየ ሰው ይውረድ። ቀጭን ቱቦ ያላት ብቻ ከተገኘች ቤተ ሰቡ ተከፍሎ በተራ ይሂድ፤ አለዚያም ሦስት ጀልባዎች ተከራይታችሁ እየተያያችሁ ተጓዙ፤ በየጀልባዋ ግን ከአምስት ሰው አትለፉ፤ አምስቱም ነጂውን ጨምሮ ነው። ለዚህ ገንዘብ ካልበቃ ጕዞው ይጠር እንጂ ጭነቱ አይጨመር፤ ከባሕር ዳር ዳርቻ ተቀምጦ ታንኳ ሲቀዝፉ ማየትም ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው።

ደግሞም ነጂው «አንድ ሰው ይውረድልኝ» ቢላችሁ አትቈጡት፥ በገንዘብም አታባብሉት። ያንን ቃል የተናገረ ሰው ከኪራዩ የእናንተን ልጅ አስበልጧልና መርቁት፤ በሚመጣው ዓመትም እርሱኑ ፈልጉት።

የኖኅን መርከብ የጠበቀ አምላክ ወጥታችሁ እስክትገቡ ድረስ ቤታችሁን ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።